ቀለበቱን ማን ሰበረው?

የሕዝብ ዜማ ጠበቃ ነን ከሚሉ ሰዎች ጋር የቆየ ጠብ አለኝ። እነርሱ ቅርስ የሚጠበቀው በር በመዝጋት ነው ይላሉ። እኔ ደግሞ በር ተዘግቶበት የሚኖር ቅርስ ሬሳ ነው እላለሁ። ማሲንቆ ከጊታር ጎን መቀመጡ የሚያንገበግበው አንድ ወዳጄ በዚህ ጉዳይ ሲሞግተኝ ሩቅ አገር ሄዶ ምስክር ቆጠረ፤ ቢል ሞንሮን። እኔም እዚያው ድረስ ተከትዬው ልሂድ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እ.ኤ.አ. በኦገስት 1971 ኒቲ ግሪቲ ደርት ባንድ የተባሉ ጸጉረ ረዣዥም የካሊፎርኒያ ወጣቶች ናሽቪል ወርደው የተራራማውን አገር ሙዚቃ አንጋፋዎች ደጅ ጠኑ። ዘመኑ የቬትናም ጦርነት ሽማግሌና ወጣት ያቃቃረበት ዘመን ነበር። ሆኖም ሜይቤል ካርተር፣ ኧርል ስክራግስ፣ ዶክ ዋትሰን፣ መርል ትራቪስ፣ ጂሚ ማርቲንና ሮይ ኤከፍ እሺ አሉ። «የብሉግራስ አባት» የሚባለው ሞንሮ ግን አልመጣም። በ1972 ሥራው በሦስት ሸክላ ተሞልቶ «ዊል ዘ ሰርክል ቢ አንብሮክን» ተብሎ ወጣ፤ «ቀለበቱ ሳይሰበር ይኖር ይሆን?» እንደማለት ነው።

«ሞንሮ ልክ ነበር፤ ባለቤት ያለው ዜማ ለመጤ አይሰጥም» ይላል ወዳጄ። ሞንሮን አልወቅስም፤ ሰው በገዛ ሥራው ላይ ሥልጣን አለው። የወዳጄ ሙግት ግን መቆሚያ እግር የለውም። ብሉግራስ መልኩን የያዘው ስክራግስ በ1945 ባንጆውን በሦስት ጣት እየመታ ከሞንሮ ቡድን ጋር ሲቀላቀል ነው። በ1971 ገና የሃያ ስድስት ዓመት ጎልማሳ ነበር ማለት ነው። ባንጆውም ቢሆን በባርነት ከተጋዙ አፍሪካውያን እጅ የተገኘ መሣሪያ ነው። የአልበሙ መጠሪያ የሆነው መዝሙር በ1907 ለቤተ ክርስቲያን ተደረሰ፤ ኤ.ፒ. ካርተር እንደገና አበጀው፤ የካርተር ቤተሰብም በ1935 በሸክላ አስቀዳው። መለወጥ ወንጀል ከሆነ ቀድመው የሚከሰሱት አባቶች ናቸው!

ደግሞስ ወጣቶቹ ምን ዘረፉ? አልበሙን ጆሮ ሰጥቶ የሰማ ያውቃል። ሽማግሌዎቹ ራሳቸው ይዘፍናሉ፤ ወጣቶቹ ያጅባሉ። በ1927 በአሥራ ስምንት ዓመቷ ብሪስቶል ከተማ የመጀመሪያ ሸክላዋን ያስቀዳችው ሜይቤል፣ በስድሳ ሁለት ዓመቷ ጊታሯን አቅፋ መካከላቸው ተቀምጣለች። በዜማዎቹ መሐል የተደረገው ጨዋታ እንኳ አልተቆረጠም። ኤከፍ ለወጣቶቹ አንድ ዘፈን ሲደጋገም በየጊዜው ጥቂት ነገር እንደሚጎድልበት ሲመክር ይሰማል። ዓይነ ስውሩ ዶክ ዋትሰን ለገዛ ልጁ መርል የሚል ስም ያወጣለት በትራቪስ ነበር፤ ሁለቱ ሰዎች ግን ተገናኝተው አያውቁም። የተዋወቁት እዚያ ስቱዲዮ ውስጥ፣ ቴፑ እየዞረ ነው። ያን ሰላምታ በሰማሁ ቁጥር ወዳጄን «በር ቢዘጋ ኖሮ ይህን ከየት እናገኘው ነበር?» ብዬ መጠየቅ ያምረኛል። የአልበሙ መዝጊያስ? የስክራግስ ልጅ ራንዲ ብቻውን በጊታር የሚጫወተው የጆኒ ሚቸል ዜማ ነው፤ የዚያው ዘመን ትኩስ ሥራ። የብሉግራስ ቤተሰብ ልጅ ለአሮጌው መዝሙር በአዲስ ዜማ መለሰለት።

እኔም በአልበሙ ላይ ቅሬታ አለኝ፤ ግን ከወዳጄ ቅሬታ ተቃራኒ ነው። እርሱ በሩ እጅግ ተከፈተ ይላል፤ እኔ ገርበብ ብሎ ቀረ እላለሁ። ኤ.ፒ. ካርተር መንደር ለመንደር ዜማ ሲለቅም አብሮት ይዞር የነበረ፣ የሰማውን ዜማ በአእምሮው ይይዝለት የነበረ፣ ሜይቤልም ከጣቶቹ የጊታር ስልት የቀሰመችበት ሌስሊ ሪድል የሚባል ጥቁር ሙዚቀኛ ነበር። በ1971 በሕይወት ነበር። በሦስቱ ሸክላዎች ላይ ግን ድምፁ የለም። ሁለተኛው አልበም በ1989፣ ሦስተኛው በ2002 ተከተሉ። በሦስተኛው ላይ ጥቁሩ የብሉዝ ሰው ታጅ ማሃል ይሰማል። ሠላሳ ዓመት! ባንጆን ለሰጠ ሕዝብ ወንበር እስኪሳብ ሠላሳ ዓመት!

እንግዲህ ቀለበቱን ማን ሰበረው? ከካሊፎርኒያ የመጡት ልጆች አይደሉም። እነርሱ እንዲያውም ቁርጥራጩን ለመግጠም ሞከሩ። የሰበረው «ይህ የኛ ብቻ ነው» የሚለው ቃል ነው፤ ከሞንሮ ደጅ ሳይሆን ከሪድል ባዶ ወንበር ጀምሮ። ወዳጄ ሆይ፣ ቅርስ ጠባቂ ነኝ ካልህ ቁልፉን ወርውረህ ወንበር አምጣ። ማሲንቆውም ባንጆውም የሚሹት ዘበኛ ሳይሆን አጃቢ ነው።