የጉባኤ ልግስናና የደባርቅ ተማሪ

በንግድ ጉባኤ ላይ ተሳታፊዎች ለችግረኛ ሕፃናት ጥቂት ሰዓት በነፃ የሚሠሩበት መርሐ ግብር በአሜሪካና በአውሮፓ የተለመደ ነው። ሠራተኞች በቡድን ሆነው ብስክሌት ይገጣጥማሉ፣ የተማሪ ቦርሳ ይሞላሉ። በኢትዮጵያም ባንኮችና ኩባንያዎች በክረምት ደብተርና እስክርቢቶ ያሰባስባሉ፤ ርክክቡ ብዙ ጊዜ በካሜራ ፊት ነው። እንዲህ ያለው ልግስና የሚጠቅመው የልጁን የዓመት ኑሮ ባወቀ መጠን እንጂ በሰጪው ቅንነት ብቻ እንዳልሆነ ደባርቅና ዳባት በደንብ ያሳያሉ።

ከጎንደር በስተሰሜን 100 ኪሎ ሜትር ያህል የምትርቀው ደባርቅ፣ በ1970 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ መግቢያ ናት። በመንገዱ ዳር እረኛ ልጆች ቆብ ይሸጣሉ፤ አንዳንዱ ጎብኚ እስክርቢቶና ከረሜላ ያድላቸዋል። ልጁ ግን ከክፍል ይልቅ መንገድ ዳር መቆም እንደሚያዋጣ ይማርበታል። ማን እንደሚያስፈልገው ሳይጠየቅ የሚታደል ቦርሳም ከዚህ ብዙም አይርቅም።

ከሩቅ ቀበሌ መጥቶ ሁለተኛ ደረጃ የሚማር ልጅ ከተማ ውስጥ ከጓደኞቹ ጋር ክፍል ይከራያል። በሳምንቱ መጨረሻ ወላጆቹ ዘንድ ሄዶ በሶ፣ ዳቦና ድርቆሽ ተሸክሞ ይመለሳል። ደብተሩ የተሟላለት ልጅም ስንቁ ካለቀ ወይም ኪራዩ ከጎደለ ያቋርጣል። ምዝገባው የሚደርሰው ደግሞ አዲሱ ገብስ ሳይታጨድ፣ የብዙ ቤት ጎተራ በተራቆተበት ሰሞን ነው። ስለዚህ የክረምቱ ዘመቻ ጊዜውን አግኝቶታል፤ የሳተው ዕቃውን ነው። በ2016 ዓ.ም. በአጎራባቹ ጃናሞራ ወረዳ እንደታየው ድርቅ ሲጨመርበት ደግሞ ከእስክርቢቶ በፊት እህል ይቀድማል።

መረጃ የለም እንዳይባል፣ በአጎራባቹ ዳባት ወረዳ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የምርምር ማዕከል ከ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ልደትን፣ ሞትንና ፍልሰትን ቤት ለቤት ሲመዘግብ ቆይቷል። የትኛው ልጅ ከትምህርት ለምን እንደቀረም መምህሩና እድሩ ያውቃሉ። ችግረኛን መርዳትም ለአካባቢው እንግዳ አይደለም፤ በ2013 ዓ.ም. ነሐሴ የሰሜኑ ጦርነት ዳባት ወረዳ ደርሶ ጭና ተክለ ሃይማኖት ቀበሌ ላይ ሰላማዊ ሰዎች ሲገደሉና ከአዲ አርቃይ አቅጣጫ የተፈናቀለው ሕዝብ ደባርቅ ሲገባ፣ ያለውን ያካፈለው የከተማው ነዋሪ የማንንም ጉባኤ አልጠበቀም።

የአካባቢው ደቦ ለኩባንያዎችም ይሠራል። ደቦ የሚጠራው ባለ እርሻው ነው፤ ቀኑን የሚቆርጠውም እሱ ነው፤ የተጠራው ማጭዱን ይዞ ይመጣል። በዚህ ሥርዓት ባንክ ሒሳብ አዋቂውን፣ የሕንፃ ተቋራጭ መሐንዲሱን፣ ትምህርት ቤቱ በጠየቀው ቀን ይልካል ማለት ነው። ሥራ አስኪያጅ ቀለም ቀቢ ሲሆን ደስ የሚል ፎቶ ይወጣል፤ ቀለም መቀባት የሚችል ግን ደባርቅም አይጠፋም።

ገንዘቡም መንገድ አለው። የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 ሕጋዊ ለሆኑ የበጎ አድራጎት ድርጅቶች የሚሰጥ ስጦታ፣ ግብር ከሚከፈልበት ገቢ እስከ 10 በመቶ ድረስ በወጪነት እንዲያዝ ይፈቅዳል። አንድን ቡድን ከአዲስ አበባ ጎንደር በአውሮፕላን፣ ከዚያም ደባርቅ በመኪና አድርሶ መመለስ የበርካታ ተማሪዎችን የወራት ኪራይ የሚሸፍን ወጪ ነው። ጉዞው ይቅር ማለት አይደለም፤ ያየ ሰው ይሰጣል። ወጪው የሚካሰው ግን ተጓዡ ሲመለስ ከደመወዙ በየወሩ እንዲቆረጥ ከፈረመ፣ ገንዘቡም በወላጆች ኮሚቴ በኩል ተማሪው 12ኛ ክፍል እስኪጨርስ ከቀጠለ ነው።