ኳሱን የወሰደው ወንዝ

ባለፈው ቅዳሜ የሰባት ዓመቱ የልጅ ልጄ ኳሱ ቀጨኔ ወንዝ ገባበት። ተከትሎት ሊወርድ ሲል በኮሌታው ያዝኩት። ትንሽ አለቀሰና "እማማ፣ አሁን ኳሴ የት ይደርሳል?" አለኝ። እኛ ትልልቆቹ ዕድሜያችንን ሙሉ ያልጠየቅነው ጥያቄ ነው።

ወንዛችን የሚነሳው ከእንጦጦ ነው። እንጦጦ ውሃ ይከፍላል፤ በሱሉልታ በኩል የወረደው ዝናብ በሙገር አድርጎ ዓባይ ይገባል፣ በእኛ በኩል የወረደው ደግሞ ወደ አዋሽ ይሄዳል። ቀጨኔ የሸክላ ሠሪዎቹንና የሸማኔዎቹን ሰፈር አቋርጦ፣ በራስ መኮንን ድልድይ ሥር ያልፋል። ታች ባንትይቀጡ ተብሎ ከቀበና ጋር ይገናኛል። ከዚያ ትልቁ አቃቂ፣ አባ ሳሙኤል ግድብ፣ አዋሽ። አዋሽም 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ባሕር ሳያይ ጅቡቲ ድንበር ላይ አቤ ሐይቅ ገብቶ ያልቃል።

"ኳሴ ሐይቅ ይገባል!" ብሎ ፊቱ በራ። ግድቡ ላይ ይቀራል ብዬ ደስታውን አላጠፋሁበትም።

እኔን ያሳሰበኝ ሌላ ነው። ጤና ጣቢያ ስሠራ ክረምት በገባ ቁጥር ተቅማጥ የያዛቸው ሕፃናት ይበዙብን ነበር። ዝናቡን ጠብቆ የመጸዳጃ ጉድጓዱን ወደ ወንዙ የሚለቅ ሰው አለ። (አንዱ የገዛ ዘመዴ ነው፤ ነግሬው እስካሁን ተኳርፈናል።) ያ ውሃ አቃቂ ሲደርስ የአትክልት መስኖ ይሆናል። ወደ ታች የላክነውን ቆስጣና ሰላጣ አድርገን በዘምቢል ወደ ቤት እንመልሰዋለን።

ስለዚህ እኔ ለሕፃን ጥሬ ሰላጣ አልሰጥም። ጎመኑን ቅጠል በቅጠል በንጹህ ውሃ አጥቤ በደንብ አበስለዋለሁ። እሳት ጀርሙንና የትሉን እንቁላል ይገድላል። ከፋብሪካ የሚወጣውን እንደ ክሮምየም ያለ ብረት ግን አይነካውም፤ በአቃቂ አትክልት ላይ ደግሞ ተገኝቷል። ለዚህ መድኃኒቱ ማድ ቤት ውስጥ የለም፤ ፍሳሹን ከምንጩ ማስቆም ነው። በ2011 ዓ.ም. ይፋ የሆነው 56 ኪሎ ሜትር የወንዝ ዳርቻ ልማት ደስ ብሎኛል፤ አበባው ግን ቱቦውን አይተካም።

አንድ ነገር ደግሞ ልጨምር። ሰፈራችሁ ፀሐይ ሆኖ እንጦጦ ላይ ከዘነበ ወንዙ ሳይታሰብ ይሞላል። ወደ ላይ ተመልከቱ፤ ተራራው ከጠቆረ ልጆቹን ከዳርቻው ጥሩ።

ለልጁ ሌላ ኳስ ገዝቼለታለሁ። የሚጫወተው ግን ከአጥሩ ወዲህ ነው፤ አኩርፎኛል።