ሳይቃጠል በቅጠል

ስለ ጸጥታ ገንዘብ ሲነሣ ሁላችንም ቶሎ የምናስበው መሣሪያንና የፖሊስ መኪናን ነው። አስፈላጊ መሆናቸውን አንክድም። ነገር ግን ሁለቱም የሚደርሱት ሌባው ከሰረቀ፣ ጎረምሳው ከተወጋ በኋላ ነው። አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለቤት እሳት ብቻ አይደለምና፣ መንግሥት ወንጀልን አስቀድሞ ለመከላከል ራሱን የቻለ በጀት እንዲመድብ እንጠይቃለን።

ለምሳሌ ሽንሌን እንውሰድ። ከድሬዳዋ በስተሰሜን ባለችው በዚህች ከተማና በአካባቢዋ የኢሳ ሶማሌ ወገኖቻችን ጸጥታቸውን ለብዙ ዘመን የጠበቁት «ኼር ኢሴ» በተባለው ያልተጻፈ ሕግ ነው። ሕጉ በ2017 ዓ.ም. በዩኔስኮ የቅርስ መዝገብ ገብቷል። ምሥጢሩም ቀላል ነው፤ አንድ ሰው ቢያጠፋ ካሣውን ዘመዶቹ በኅብረት ይከፍላሉ፤ ስለዚህ ጎረምሳውን አስቀድሞ መምከርና መቆጣጠር ለዘመድ ሁሉ ይጠቅማል።

ይሁን እንጂ ሽማግሌ ብቻውን ጨለማን አያበራም። ከተማ ከልዩ ልዩ ቦታ የመጣ ሰው የሚኖርበት ስለ ሆነ ሁሉም በዘመድ ካሣ አይተሳሰርም። ከዚህም በላይ የሽማግሌዎቹ ሸንጎ የወንዶች ነው፤ በጨለማ መንገድ ከሁሉ ይልቅ የሚጨነቁት ግን ሴቶች ናቸው።

መብራት ወንጀልን ይቀንሳል ስንል በግምት አይደለም። በኒው ዮርክ ከተማ እ.ኤ.አ. በ2016 በዕጣ በተመረጡ የመንግሥት የኪራይ መኖሪያ ግቢዎች ተጨማሪ መብራት ሲተከል፣ በሌሊት ከቤት ውጭ የሚፈጸመው ከባድ ወንጀል በ36 ከመቶ ያህል ቀንሶ ተገኝቷል። በአገራችንም ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ የአዲስ አበባ ዋና ዋና ጎዳናዎች በኮሪደር ልማት መብራትና የእግረኛ መንገድ አግኝተዋል። ለትልቅ ከተማ የተገባው ለትንሽ ከተማ ስለ ምን አይገባም?

«ወረዳው ድኃ ነው፤ ውኃና ክሊኒክ ይቅደም» የሚሉ ወንድሞች አሉ። ክርክራቸውን አንንቅም። ነገር ግን ልጅቱ ፈርታ የማትሄድበት ቦኖ፣ ሌሊት ምጥ የያዛት እናት የማትደርስበት ክሊኒክ የወጣበት ገንዘብ ግማሹ ባከነ ማለት ነው።

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 52 ፖሊስን የማደራጀትና ጸጥታን የማስጠበቅ ሥልጣን ለክልል ሰጥቷል። ስለዚህ ጥያቄያችን የሚያመራው ወደ ጅግጅጋ ነው። አንደኛ፥ በየወረዳው በጀት ለመከላከል የተለየ መደብ ይኑር። ሁለተኛ፥ መብራቱ የት እንደሚተከል ነዋሪዎች፣ ሴቶችም ጭምር፣ ይወስኑ። ሦስተኛ፥ የጥገና ገንዘብ አብሮ ይያዝ፤ አምፖሉ ሲቃጠል የሚቀይረው ከሌለ ምሰሶው የፍየል መታከኪያ ሆኖ ይቀራል። አራተኛ፥ ሒሳቡ ሕዝብ እንዲያየው በቀበሌው ግድግዳ ላይ ይለጠፍ።

እኛ ተማሪዎችም መጠየቅን ለሌላ አንተው። በክረምት ወደየአገራችን ስንመለስ የወረዳችንን በጀት ጠይቀን እናንብብ፤ ለጸጥታ ከተያዘው ገንዘብ ስንቱ ከጥፋት በፊት፣ ስንቱ ከጥፋት በኋላ እንደሚወጣም እንቍጠር።