ሶደሬ ላይ የደበቅሁት ትኩሳት

ባለፈው ዓመት የፋሲካ ማግስት ልጆቼ «እማዬ፣ ዛሬስ ቤት አንውልም፤ ሶደሬ እንሂድ» ብለው አስነሡኝ። ከአዳማ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ቁርስ በልተው ቢነሡ ፀሐይዋ ሳትበረታ ይደርሳሉ። ልጅ ሳለሁ አባቴ ለቁርጥማቱ ፍል ውኃ ሊታጠብ ሲሄድ ይዞኝ ይሄድ ነበር። እንፋሎቱ፣ የአዋሽ ዳር ትልልቅ ዛፎች፣ ሙዝ ከእጅ ነጥቀው የሚሮጡት ጦጣዎች ዛሬም አሉ። እኔ ግን የድሮዋ አይደለሁም።

የልጅ ልጄ ገንዳው ዳር ቆማ «እቴቴ፣ ነይ ግቢ!» ትለኛለች። እኔ ደግሞ ባርኔጣዬን ደፍቼ፣ ረጅም እጅጌ ለብሼ፣ ጥላ ሥር ቁጭ ብዬ «እዚሁ ሆኜ ላይሽ» እላታለሁ። ለአባቴ መድኃኒት የነበረው ውኃ ለእኔ የተከለከለ ነው። ምክንያቱም የምኖረው በወንድሜ ኩላሊት ነው።

ወደ 10 ሰዓት ገደማ፣ በዚያ ሙቀት መሐል፣ ብርድ ብርድ አለኝ። ነጠላዬን ደርቤ ተጠቀለልሁ። «ምነው እማዬ?» ሲሉኝ «ነፋሱ ነው» አልኋቸው። ልጆቼ ከየአሉበት የሚሰበሰቡት በዓመት አንዴ ነው፤ ደስታቸውን ላበላሽ አልፈለግሁም። ማታ ቤት ስንገባ ሁለት ፓራሲታሞል ውጬ ተኛሁ። በማግስቱም ለማንም አልተናገርሁም።

ያ ዝምታ ምን ሊያስከፍለኝ እንደነበር እንድትረዱልኝ ትንሽ ወደ ኋላ ልመለስ።

ኩላሊቶቼን የጨረሰብኝ የደም ግፊት ነው። ሳምንት ሦስት ቀን፣ አራት አራት ሰዓት ያህል፣ ማሽን ላይ ተኝቼ ደሜ ይታጠብልኝ ነበር። ታናሽ ወንድሜ ተመርምሮ ሲስማማልኝ አንዱን ኩላሊቱን ሰጠኝ። በፊት ለዚህ ሕክምና ወደ ሕንድና ወደ ሌላ አገር መሄድ ግድ ነበር። በአገራችን የመጀመሪያው የኩላሊት ንቅለ ተከላ የተደረገው መስከረም 2008 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ፣ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሕክምና ኮሌጅ ነው። የአሜሪካው ሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞችም አብረው ሠርተዋል።

ብዙ ሰው «ኩላሊት ከተተካልሽማ ዳንሽ፣ መድኃኒቱ ለምንድን ነው?» ይለኛል። መልሱ ይኸውላችሁ። ሰውነታችን ባዕድ ነገር ሲገባበት ይዋጋል። በፈረንጆች 1954 ዶክተር ጆሴፍ መሪ ቦስተን ከተማ ውስጥ የመጀመሪያውን የተሳካ የኩላሊት ንቅለ ተከላ ሲያደርግ፣ ሰጪውና ተቀባዩ ፍጹም የሚመሳሰሉ መንትዮች ስለነበሩ የታማሚው ሰውነት ኩላሊቱን እንደ ራሱ ቆጠረው። እንዲህ ያለ መንትያ የሌለን ግን በመድኃኒት እንኖራለን። እኔ ታክሮሊመስ፣ ማይኮፌኖሌትና ፕሬድኒሶሎን እወስዳለሁ። ታክሮሊመስ የተገኘው በፈረንጆች 1984 ከጃፓን አፈር ውስጥ ከወጣ ባክቴሪያ ነው። ከዚያ አፈር የወጣ ነገር አዳማ ላይ እኔን ያኖረኛል ብዬ ሳስብ ይገርመኛል።

ለልጅ ልጄ ያስረዳኋት እንዲህ ብዬ ነው፦ በሰውነቴ ውስጥ ዘበኛ አለ። የአጎትሽን ኩላሊት ሌባ መስሎት ሊመታው ይፈልጋል። መድኃኒቱ ዘበኛውን እንዲያንቀላፋ ያደርገዋል። ችግሩ፣ ያንቀላፋ ዘበኛ እውነተኛ ሌባ ሲመጣም ቶሎ አይነቃም። ትኩሳት ማለት የዘበኛው ጩኸት ነው። የእኔ ዘበኛ ጮክ ብሎ መጮህ አይችልም፤ ያንኑ ትንሽ ድምፁን ደግሞ እኔ በፓራሲታሞል አፈንሁት።

መድኃኒቶቹ የራሳቸው ጣጣ አላቸው። ታክሮሊመስ እጄን ያንቀጠቅጠዋል። ቡና ስቀዳ ጀበናው ከስኒው ጋር ይጋጫል፤ ስለዚህ አሁን የምትቀዳው ልጄ ናት። ፕሬድኒሶሎን በመጀመሪያዎቹ ወራት ፊቴን እንደ ጨረቃ ክብ አደረገው። ጎረቤቶቼ «አማረብሽ፣ ወፈርሽ፣ ተመስገን!» ይሉኝ ነበር፤ እኔ ግን ቤት ገብቼ መስታወት እሸሽ ነበር። እንቅልፍ ይነሣል፣ የምግብ ፍላጎት ያበዛል፣ አጥንት ያሳሳል። ሁለቱም መድኃኒቶች ስኳር ሊያመጡ ይችላሉ። ማይኮፌኖሌት ሆዴን ይረብሸዋል። የመከላከል አቅም ለረጅም ጊዜ ሲዳከም የቆዳ ካንሰርም ስለሚያሰጋ በፀሐይ ያለ ባርኔጣ አልወጣም።

አንድ ሰሞን በፊቴ ምክንያት ክኒኑን ልቀንስ አስቤ ነበር። ለሐኪሜ ስነግረው «መጠኑን ቀስ በቀስ የምንቀንሰው እኛ ነን፤ አንቺ በራስሽ ከተውሽው ኩላሊቱ ይሄዳል» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ጠዋት 1 ሰዓት፣ ማታ 1 ሰዓት፣ ለቅሶ ቤትም ብሆን ሠርግ፣ እውጣለሁ። ለደም ምርመራ በምሄድበት ቀን ብቻ የጠዋቱን ታክሮሊመስ ደም ከሰጠሁ በኋላ እወስዳለሁ፤ በደሜ ውስጥ የቀረውን መጠን የሚለኩት ከመዋጤ በፊት ነውና።

ከክኒኑ ይልቅ የከበደኝ ግን ባህላችን ነው። እኛ የታመመ ሰው ስንጠይቅ ተሰብስበን፣ አቅፈን፣ ጉንጭ አገላብጠን ስመን ነው። «ጉንፋን ይዞኛል ግን ሳልጠይቅሽ ብቀር ነውር ነው» ብላ የመጣችን ጎረቤት በር ላይ መመለስ ምን ያህል እንደሚከብድ ታውቁታላችሁ። መጀመሪያ አካባቢ አፍሬ ተስሜያለሁ። አሁን እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ ጎንበስ ብዬ ሰላም እላለሁ። ሳምንታት ያስቆጠረ ሳል ያለበትን ሰው ደግሞ መጀመሪያ ለሳንባ ነቀርሳ እንዲመረመር እመክራለሁ። በሽታው በአገራችን ብዙ ነው፤ እንደ እኔ ያለውን ደግሞ ቶሎ ይጥላል።

በዓል ሲመጣ ቁርጥና ጥሬ ክትፎ አልቀምስም፤ የእኔ ክትፎ በደንብ የበሰለ ነው። ወተት ሳይፈላ አይገባልኝም። ሰላጣ ቤቴ ውስጥ፣ በእጄ ካላጠብሁት አልበላም። ዳማ ከሴውንም ፌጦውንም ለሐኪሜ ሳልነግር አልወስድም፤ ከመድኃኒቴ ጋር የሚጣላውን የሚያውቀው እሱ ነው። ሶደሬ ላይ ያለው ዓይነት ብዙ ሰው የሚታጠብበት ሙቅ ውኃና የወንዝ ውኃ ተከልክሎልኛል። በክሎሪን በሚገባ የታከመ ገንዳ ለብዙዎቻችን ክልክል አይደለም፤ እሱም በሐኪም ፈቃድ ነው።

አያቶች ሆይ፣ አንድ ነገር ላስታውሳችሁ። እንደ እኔ ያለ ሰው ቤት ያሉ ልጆች ክትባታቸው ሊቀር አይገባም፤ እነሱ ካልታመሙ እኔም እጠበቃለሁ። ነገር ግን በአፍ የሚንጠባጠቡት የፖሊዮና የሮታ ክትባቶች ሕያው ቫይረስ አላቸው። ስለዚህ ክትባቱን ከማስከተብ በፊት ቤት ውስጥ እንዲህ ያለ ታማሚ እንዳለ ለጤና ባለሙያው ንገሩ። ሕፃኑ ከወሰደ በኋላ ባሉት ሳምንታትም ዳይፐሩን ሌላ ሰው ይቀይር፤ የቀየረውም እጁን በሳሙና ይታጠብ። እኔ ራሴ ሕያው ክትባት አልከተብም።

ይህን ሁሉ እያወቅሁ ነው እንግዲህ ትኩሳቴን የደበቅሁት። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ልጄ ክኒኔን ሳልውጥ ተኝቼ ብታገኘኝ ግንባሬን ነካችና ጮኸች። ሆስፒታል ስደርስ የሽንት ኢንፌክሽን ወደ ተተከለው ኩላሊት ወጥቶ ነበር። ዘጠኝ ቀን ተኝቼ በደም ሥር አንቲባዮቲክ ተሰጠኝ። ሐኪሞቹ ከመድኃኒቶቼ አንዱን ለጊዜው አቆሙ፤ በየጠዋቱ የኩላሊቱን የደም ውጤት ስንጠብቅ የልጄ ፊት አመድ ይመስል ነበር። አንድ ቀን ብትዘገዩ ኖሮ የሚሉት ነገር አለ፤ እኛንም ብለውናል።

ወንድሜ ከሥራ ወጥቶ መጣ። ይቆጣኛል ብዬ ዓይኔን ጨፈንሁ። አልተቆጣም። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠና «እትዬ፣ ከደበቅሽን እኛ በምን እንወቅ?» አለኝ። ያን ቀን እንዳለቀስሁት ማሽን ላይ ሳለሁም አላለቀስሁም። ልጆቼን ላለማስጨነቅ ብዬ ነበር የደበቅሁት፤ ያስጨነቅኋቸው ግን በመደበቄ ነው። አበው «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ያሉት ለእኔ ነው መሰለኝ።

አሁን ቤታችን ሕግ አለው። የሙቀት መለኪያው ከጨው ዕቃው አጠገብ ተሰቅሏል። ደስ ሳይለኝ ሲቀር እለካለሁ፤ 38 ዲግሪ ከሆነ በዚያው ቀን፣ ሌሊትም ቢሆን፣ ወደ ሐኪም ነው። ቁጥሩ ዝቅ ብሎም ብርድ ብርድ ካለኝ ወይም ከደከመኝ እናገራለሁ፤ ፕሬድኒሶሎን ትኩሳት እንደሚሸሽግ ተምሬአለሁና። ሳልለካ ፓራሲታሞል አልውጥም። የሐኪሜ ስልክ በሁሉም ልጆቼ ስልክ ላይ አለ።

ቤታችሁ ውስጥ ኩላሊት የተተካለት፣ ወይም ለመገጣጠሚያ ሕመም፣ ለሉፐስና ለመሳሰለው የመከላከል አቅም የሚያዳክም መድኃኒት የሚወስድ አባት፣ እናት ወይም ልጅ ካለ፣ «እንዴት አደርሽ?» ስትሉ መልሱን በደንብ ስሙ። እኛ አዛውንቶች «ደህና ነኝ» ማለት ይቀናናል። ታማሚዎች ደግሞ እባካችሁ ንገሩ። ዘበኛችን አንቀላፍቷል፤ የሚጠብቁን የቤታችን ሰዎች ናቸው፤ እነሱም የሚጠብቁን ስንነግራቸው ነው።

ዘንድሮም ሶደሬ ሄደናል። የልጅ ልጄ ከገንዳው እየወጣች፣ ውኃ እያንጠባጠበች፣ «እቴቴ፣ በረደሽ እንዴ?» ብላ ጠየቀችኝ። «አልበረደኝም» አልኋት። አላመነችኝም፤ ከቦርሳዬ መለኪያውን አውጥታ ሰጠችኝ። 36 ነጥብ 6። «እሺ» ብላ ተመልሳ ገባች።