ሀብት ባለበት ደም ለምን ይፈሳል?

ስለ አሜሪካ ወንጀል ወሬ ሲነሳ ብዙዎቻችን መልሱን ይዘን እንጠብቃለን። «ሃይማኖት ጠፋ፣ ቤተሰብ ፈረሰ፣ ፊልሙ ልጆቹን አበላሸ» ብለን ወሬውን እንዘጋለን። ፊልሙ የሚታየው ግን በመላ አገሪቱ ነው። ታዲያ ግድያው በጥቂት ሰፈሮች ላይ ለምን በረታ?

ባልቲሞርን እንመልከት። ብዙ ወገኖቻችን ከሚኖሩባት ከዋሽንግተን በመኪና አንድ ሰዓት ያህል ብትርቅ ነው። ሜሪላንድ እጅግ ሀብታም ከሚባሉት የአሜሪካ ግዛቶች አንዷ ስትሆን፣ ዓለም የሚያውቀው የጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታልም በከተማይቱ ምሥራቃዊ ክፍል ከድሆች መንደር ጎን ቆሟል። ነዋሪዋ 600 ሺህ በማይሞላው በዚህች ከተማ ከ2015 እስከ 2022 (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው) በየዓመቱ ከ300 በላይ ሰዎች ተገድለዋል።

ነገሩ በአንድ ጀምበር አልመጣም። በ1910 ከተማዋ ጥቁሮችና ነጮች የሚኖሩበትን ጎዳና የሚለይ ሕግ አወጣች። በ1917 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እንዲህ ያለውን ሕግ ውድቅ ቢያደርግም ልማዱ አልሞተም። በ1930ዎቹ አንድ የፌዴራል መንግሥት ድርጅት የጥቁሮችን ሰፈሮች በካርታ ላይ ቀይ ቀባቸው፤ ቀይ ማለት ለቤት ብድር አስጊ ማለት ነው። ብድር ያላገኘ አባት ቤት አልገዛም፤ ለልጁም የሚያወርሰው ጥሪት አልኖረውም።

ሥራ ግን ነበር። የስፓሮውስ ፖይንት ብረት ፋብሪካ በ1950ዎቹ መጨረሻ 30 ሺህ ያህል ሠራተኛ ነበረው። ብዙ ያልተማረ ሰው በዚያ ደመወዝ ቤተሰቡን ያስተዳድር ነበር። ሠራተኛው ከዓመት ዓመት እየተቀነሰ ሄዶ ፋብሪካው በ2012 ተዘጋ። በየሰፈሩ ለወጣቱ ቶሎ የሚገኘው ቀጣሪ የአደንዛዥ ዕፅ ነጋዴው ሆነ። ይህ ንግድ ደግሞ ተካሶ የሚዳኝበት ፍርድ ቤት የለውም፤ ክርክሩን የሚጨርሰው ሽጉጥ ነው። በአሜሪካ በሕዝቡ እጅ ያለው የጦር መሣሪያ ከሕዝቡ ቁጥር ይበልጣል ተብሎ ይገመታል። በሌላ አገር በቡጢ የሚያበቃው ጠብ እዚያ በቀብር ያበቃል።

መንግሥት መድኃኒቱን እስር ቤት አደረገው። በ1986 የወጣው የፌዴራል ሕግ 5 ግራም ክራክ ሲሸጥ በተያዘ ሰው ላይ ቢያንስ 5 ዓመት ይፈርድ ነበር። ዱቄቱን ኮኬይን የሚሸጥ ሰው ግን ያው ቅጣት የሚደርሰው 500 ግራም ሲሞላ ነው። በክራክ የሚታሰሩት አብዛኞቹ ጥቁሮች ነበሩ። ልዩነቱ በ2010 ጠበበ እንጂ አልጠፋም። የታሰረው አባት ተፈትቶ ሲመጣም መዝገቡ ሥራ ያስከለክለዋል። «ቤተሰብ ፈረሰ» ማለታችንስ ልክ ነው፤ ማን እንዳፈረሰው ግን አልጠየቅንም።

በ2007 በከተማዋ «ሴፍ ስትሪትስ» የተባለ ሥራ ተጀመረ። የሰፈሩን ጎዳና ጠንቅቀው የሚያውቁ ሰዎች፣ አንዳንዶቹም ራሳቸው ታስረው የወጡ፣ ጥይት ከመተኮሱ በፊት ገብተው ያስታርቃሉ። ለእኛ ሽምግልና ባዕድ አይደለምና ይህ አያስገርመንም። ቆይቶም ከተማዋ ለመግደልም ለመገደልም የቀረቡትን ጥቂት ወጣቶች እየለየች ሥራና ድጋፍን ከማስጠንቀቂያ ጋር አቀረበችላቸው። በ2024 የተገደሉት ሰዎች ቁጥር ወደ 200 ወረደ። በመላ አገሪቱም ግድያ በዚያን ጊዜ ቀንሷልና ምስጋናው ሁሉ የባልቲሞር ብቻ አይደለም። በከተማዋ የሚታየው ፊልም ግን ያው የቀድሞው ነው።