የእናቴ ሦስት ነጥብ

«ጤናዎን ለመቆጣጠር በራስዎ ምን ያህል ይተማመናሉ? ከ1 እስከ 10 ይንገሩኝ።»

ሜሪላንድ፣ አንድ ክሊኒክ ውስጥ ነን። አስተርጓሚው በስልክ ነው፤ ነርሷ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣዋለች። እናቴ ነጠላዋን አስተካከለችና «እሱ መድኃኔዓለም ያውቃል እንጂ እኔ ምን አውቃለሁ» አለች። ነርሷ የፈለገችው ቁጥር ነውና ደግማ ጠየቀች። «እሺ፣ ሦስት በሉት።» ሦስት ተብሎ ተጻፈ።

ይህች ሴት ከስኳር ጋር 19 ዓመት ኖራለች። አዲስ አበባ ሳለን ፍሪጅ አልነበረንም። ያልተከፈተ ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ይቀመጥ ሲሏት፣ ብልቃጡን በላስቲክ ጠቅልላ እርጥብ አሸዋ ውስጥ በተቀበረ የሸክላ ማሰሮ ታኖረው ነበር። መርፌ የምትወጋበትን ቦታ ሳታቀያይር የዋለችበት ቀን ትዝ አይለኝም። ስኳሯ ሲወርድ ገና ላብ ሳያጠምቃት ታውቀዋለች። ይህን ማን ጠየቃት?

መጠየቋ አይደለም ያንገበገበኝ። የኦሪገን ዩኒቨርሲቲዋ ጁዲት ሂባርድና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2004 ታካሚ ጤናውን ለመቆጣጠር ያለውን አቅምና መተማመን የሚለካ ባለ 22 ጥያቄ መለኪያ አወጡ፤ በቀጣዩ ዓመት ወደ 13 አሳጠሩት። ውጤቱ ከ0 እስከ 100 ሆኖ ታካሚውን በ4 ደረጃ ይመድባል። እንዲህ ያለ መለኪያ የሚጠቅመው ዝቅ ያለ ነጥብ ያገኘው ሰው የበለጠ ሲታገዝ ነው። እናቴ ግን ያገኘችው እገዛ በእንግሊዝኛ የተጻፈ በራሪ ወረቀት ነው! ሦስት ነጥቧ ለሚያክማት ሰው ሥራ መጨመር ሲገባው፣ እሷን ደካማ አሰኝቶ ቀረ።

ደግሞስ «በራስዎ ይተማመናሉ ወይ» የሚለው ቃል በእናቴ ጆሮ ምን ሆኖ ይገባል? ጠዋት ማታ በፈጣሪዋ ለምትታመን ሴት፣ በጤናዬ ላይ አስር ነኝ ማለት መታበይ ነው። አፏን ሞልታ እንድትናገረው የሚያስገድዳት ማን ነው? በአንጻሩ ጎረቤታችን የነበሩ አንድ አባት ሐኪሙን ላለማሳፈር «ዘጠኝ» ብለው ወጡ። ይሉኝታ ነው። የጠዋቱን ክኒን ማታ፣ የማታውን ጠዋት ሲውጡ እንደከረሙ የታወቀው ልጃቸው ሳጥኑን ስትከፍት ነው። እሳቸው ጠንካራ ታካሚ ተብለዋል።

አልበርት ባንዱራ እ.ኤ.አ. በ1977 በራስ ችሎታ የመተማመንን ሐሳብ ሲያቀርብ የተናገረው አንድን የተወሰነ ነገር አደርገዋለሁ ብሎ ስለማመን ነው። እንግዲያው ያንን ነገር ጠይቋት! ጾም ሲገባ መርፌሽን እንዴት ታደርጊያለሽ በሏት። ስኳርሽ ሌሊት ቢወርድ ማንን ትቀሰቅሻለሽ በሏት። በሚገባት ቋንቋ፣ አንገቷን ሳትደፋ እንድትመልስ ጊዜ ስጧት።

በቀደም ቀጠሮ ላይ አላስችል አለኝና «ሲሪንጁን ስጧትና እዩ» አልኩ። ብልቃጡን በመዳፏ መሃል አገላበጠች፣ ሲሪንጁን ወደ መብራቱ አነሳች፣ አረፋውን በጣቷ መታ መታ አድርጋ አስወጣች፣ ልኩን ሁለቴ አየች። ነርሷ ዝም ብላ ተመለከተቻት። ፋይሉ ላይ ግን ዛሬም 3 ነው።