ስም የሌለው ጠርሙስ ከጭነታችን ይውጣ

ከመተማ ወደ ካርቱም ስንመላለስ አንዳንዶቻችን ከቡናውና ከበርበሬው ጋር በውሃ ፕላስቲክ የተቀዳ፣ ስምም መመሪያም የሌለው የተባይ መድኃኒት እናመጣለን። ደንበኞቻችን አል-ማንሺያ ያሉ የግቢ አትክልተኞችና በጥቁር ዓባይ ዳር አበባ የሚያፈሉ ሰዎች ናቸው። ትርፉ አይከፋም። ቢሆንም ይህ ንግድ ይቅርብን እንላለን፤ ምክንያታችንም መርዙ ሰው ይጎዳል የሚለው ብቻ አይደለም።

ባለፈው የብርድ ወራት አንድ ወንድማችን የሚሠራበት ግቢ ጽጌረዳው ላይ ክሽክሽ ወጣ። ከእኛው የገዛውን ረጨ፤ ክሽክሹ ረገፈ፤ ተመሰገንን። ብዙም ሳይቆይ ቅጠሉ እንደ ነሐስ ቀላ፤ በሥሩም ቀጭን ድር አደራበት። ቀይ ሸረሪት ነበር። ደግሞ ቢረጭ ባሰበት። መርዙ ቀይ ሸረሪትን ሲበሉ የነበሩትን ጥቃቅን ነፍሳት ጨርሷቸው ኖሯል። ቀይ ሸረሪት ደግሞ በሙቀት ከዕንቁላል ተነሥታ በሳምንት ገደማ ለመራባት ትደርሳለች፤ ከመርዙ የተረፈችው መርዙን የለመደ ዘር ታፈራለች።

ሱዳን ይህን ከእኛ በፊት ተምራዋለች፤ ያውም በውድ ዋጋ። በገዚራ የጥጥ እርሻ መጀመሪያ በወቅት አንድ ጊዜ ገደማ ይረጭ የነበረው በ1970ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ዘጠኝ ጊዜ ያህል ደረሰ። ጠላቶቿ ሲያልቁ ነጭ ዝንብ በዛች፤ የምትጥለው ጣፋጭ ፈሳሽም ጥጡን አጣበቀው። የሚጣበቅ ጥጥ በፈታይ ማሽን ፊት ምን ዋጋ እንዳለው ለነጋዴ አይነገርም። በ1981 ዲዲቲ ታገደ።

በአገራችንም ዝዋይ አካባቢ ያሉ የጽጌረዳ እርሻዎች ቀይ ሸረሪትን የምትበላ ሌላ ደቂቅ ሸረሪት መሰል ፍጥረት ይለቃሉ። (ይህን ሰምቶ በካርቶን ጭኖ ለማምጣት የሚያስብ አይጠፋም። ያለ ፈቃድ ሕያው ነፍሳት ድንበር አይሻገሩም፤ ቢሻገሩም ያቺ ፍጥረት እርጥበት ወዳድ ናት፤ የካርቱም ደረቅ ሙቀት አይመቻትም።)

ደግነቱ ማምጣት አያስፈልግም፤ እዚሁ አሉ። ጀርባዋ ቀይ ሆኖ ጥቁር ነጠብጣብ ያላት ጥንዚዛ ክሽክሽ ትበላለች። ልጇ ግን እሷን አትመስልም፤ ረዘም ያለች፣ ጠቆር ያለች፣ ሻካራ ትል ናት፤ አትክልተኛው ተባይ መስላው በጣቱ ይጨፈልቃታል። እስክታድግ ድረስ በመቶ የሚቆጠር ክሽክሽ የምትጨርሰው እሷው ናት። ጉንዳን ግን የክሽክሹን ጣፋጭ ፈሳሽ ስለሚወድ ጥንዚዛዋን ያባርራል፤ መንገዱን መዝጋት ነው። ዳር ዳሩን ድንብላልና እንስላል ዘርቶ እንዲያብብ መተው ጠቃሚ ተርቦችን ይስባል። ለቀይ ሸረሪት ደግሞ የቅጠሉን ሥር ማለዳ በውሃ ማጠብ ነው፤ አቧራና ድርቀት ይስማማታል።

አንዳንዶቻችሁ «አሠሪው አንድ ክሽክሽ ካየ የሚያባርረው አትክልተኛውን ነው፤ ጥንዚዛ እስክትበላለት ማን ይታገሠዋል?» ትላላችሁ። እውነት ነው፤ ጀሪፍ ለቤት ኪራይ የሚከፍል ሰው ሥራውን በጥንዚዛ አያሲዝም። ስለዚህ ደንበኛው ሲጠይቀን «የለም» ብለን አንሸኘው። አብረነው ሄደን ቅጠሉን ገልብጠን እንይ፤ አሠሪውንም በዓረብኛ እናስረዳለት፤ ቋንቋውን የምንችለው እኛ ነን። ግድ ሆኖ ከተረጨም ስሙ የተጻፈበት፣ ከፈቃደኛ ሱቅ የተገዛ፣ ተባዩ ባለበት ተክል ላይ ብቻ ይሁን።

ከመካከላችን ሦስታችን ከመጪው ጉዞ ጀምሮ ላናመጣ ተስማምተናል። በተረፈን ቦታ የድንብላል ዘር እንጭናለን።